ጠርሙሱን ከቡፌው ላይ አውርዱት

ባለፈው ፋሲካ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ ዘመዶቼ ቤት ነበርኩ። ዶሮው ወጥቷል፤ ድፎው ተቆርሷል። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አባወራ ከቡፌው ላይ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን አወረዱ። የሠርጋቸው ዕለት በስጦታ የመጣ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ ቆሞ ኖሯል። ልጆቹ አቧራውን እየጠረጉለት ነው ያደጉት።

ቡሹ ሲሳብ ለሁለት ተሰበረ። ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ። የተቀዳው ቀይ አልነበረም፤ ወደ ቡናማ ሄዷል። ሽታው አቼቶ አቼቶ ይላል። እትዬ ቀመሱና ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ጋሼ ጠርሙሱን አገላብጠው አገላብጠው አዩት። «ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል አይሉም እንዴ? እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

እዚያው ማዕድ ላይ በሁለት ቃል መለስኩላቸው። ጥያቄው ግን ከዚያ በላይ ይገባዋል። ደሴ ውስጥ ስንት ቤት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ቡፌ ላይ ቆሟል! ለልጅ ምርቃት፣ ለአሥረኛ ዓመት፣ ከውጭ ለሚመጣ ወንድም ተብሎ። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ደሴ ለወይን ማቆያ በጣም የምትመች ከተማ ናት። ጠርሙሱን ያበላሸው ከተማው አይደለም፤ ቡፌው ነው።

መጀመሪያ አባባሉን እናጥራው። ወይን ሁሉ ሲቆይ አይጣፍጥም። በዓለም ላይ ከሚጠመቀው አብዛኛው ወይን በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ መርዝ አይሆንም። ይደክማል እንጂ። የፍሬው ሽታ ይጠፋል፤ ጣዕሙ ይሳሳል። ዕድሜ የሚያሳምረው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ለምን ጥቂቱን? ሻይ ምድጃ ላይ ረስታችሁ ታውቃላችሁ? ቅጠሉ ብዙ ሲፈላ ምላስ የሚያደርቅ፣ ድድ የሚይዝ ነገር ያወጣል። ያ ነገር ታኒን ይባላል። ቀይ ወይን ውስጥም አለ። ከወይኑ ልጣጭና ዘር ይመጣል፤ አንዳንዴም ወይኑ ከሚቀመጥበት የእንጨት በርሜል። ወይኑ ገና አዲስ ሳለ ታኒኑ ሸካራ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ቅንጣቶቹ እርስ በርስና ከቀለሙ ጋር ይያያዛሉ። እየተያያዙ ይከብዳሉ። የከበደው ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የቀረው ይለሰልሳል። ደማቁ ቀይ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። የትኩስ ፍሬ ሽታው ደግሞ የደረቀ በለስ፣ የቆዳ፣ አንዳንዴ የእንጉዳይ ዓይነት ይሆናል። ያረጀ ጥሩ ወይን ሲሉ ይህንን ማለታቸው ነው።

ስለዚህ በቆየ ቀይ ወይን ሥር አተላ ብታዩ አትደንግጡ። የመበላሸት ምልክት አይደለም። እንደ ጀበና ቡና አስክኑት። ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን አቁሙትና በዝግታ ቅዱት፤ የመጨረሻውን ጭላጭ ተዉት።

ታኒን ብቻውን ግን አይበቃም። ወይኑ በቂ ኮምጣጣነት ያስፈልገዋል። ወይም ስኳር። ወይም ከፍ ያለ አልኮል። እነዚህ ናቸው ጠብቀው የሚያቆዩት። ነጭ ወይን ታኒኑ ትንሽ ነው፤ የሚቆየው በኮምጣጣነቱና በስኳሩ ነው። የጀርመን ሪዝሊንግ ለዚህ ስሙ የታወቀ ነው። ከቀዮቹ የፈረንሳይ ቦርዶና የጣሊያን ባሮሎ ጥሩ ጥሩዎቹ አሥርና ሃያ ዓመት ተቀምጠው ይሻሻላሉ። የፖርቱጋሉ ማዴራ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አልኮል ይጨመርበታል፤ ሲሠራም ለወራት፣ አንዳንዱ ለዓመታት፣ ሙቀት ላይ ይቆያል። ሊጎዳው የሚችለውን አስቀድሞ ስላየው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሚጠጣ አለ።

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ደሴ ሱቅ ላይ የምናገኘው በብዛት ጉደር፣ አክሱማይት፣ ከሚላ፣ ሪፍት ቫሊ፣ አካሺያ ነው። እነዚህን እወዳቸዋለሁ። ግን ለሃያ ዓመት አይቀመጡም፤ ለዚያም አልተሠሩም። የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ነጩን በዓመት ውስጥ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት። ቀዩን በሁለትና በሦስት ዓመት። በርሜል ውስጥ የቆየ ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ፣ ቀይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከዝዋዩ ካበርኔ ሶቪኞ፣ ቦታው ጥሩ ከሆነ አራትና አምስት ዓመት እሞክረዋለሁ። ጣፋጩ አክሱማይት በስኳሩ ምክንያት ትንሽ ይታገሣል፤ ቢሆንም ለልጅ ሠርግ ብሎ ማስቀመጥ አላግባብ መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጠርሙስ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። ወይኑ የተለቀመበት ዓመት እንጂ የማብቂያ ቀን አይደለም። 2016 ካለ በእኛ 2008 ወይም 2009 ነው። በእኛ አቆጣጠር አንብቦ «ገና አዲስ ነው» ብሎ ስምንት ዓመት ያለፈውን የሚገዛ አይቻለሁ። ዓመት ጭራሽ ያልተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ዛሬ የምትጠጡት ነው፤ አታስቀምጡት።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት። ሙቀት።

ወይን ጠርሙስ ውስጥ ሆኖም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በውስጡ ያለው ሁሉ በዝግታ እየተለወጠ ነው። ሙቀት ሲጨምር ለውጡ ይፈጥናል። የኬሚስትሪ ሰዎች በግምት እንዲህ ይላሉ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለወይን ማቆያ የሚመረጠው 12 ወይም 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ10 እስከ 15 ድረስ ምንም አይልም። 18 ላይ ለጥቂት ዓመታት ይቆያል። ከ25 በላይ ለሳምንታት ከተቀመጠ ግን ጣዕሙ የተቀቀለ ፍሬ ይሆናል፤ ማርማላታ ማርማላታ ይላል። አንዴ ከሆነ ማቀዝቀዝ አይመልሰውም።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ብርዱን አያስረዱትም። ፈረንጆቹ ወይን ለማቆየት ምድር ቤት ይቆፍራሉ፤ ወይም ገንዘብ ከፍለው ልዩ ማቀዝቀዣ ይገዛሉ። ደሴ ውስጥ ግን አንድ ጥላ ያለው የጓዳ ጥግ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል። በተለይ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የድሮ ጭቃ ቤት ወይም የድንጋይ ቤት። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፤ የሌሊቱንም ብርድ ቶሎ አይለቅም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከምንገምተው በላይ ዋጋ አለው። ወይን ከሙቀት ባልተናነሰ መዋዠቅ ይጎዳዋል። ሲሞቅ ይሰፋል፤ ቡሹን ከውስጥ ይገፋዋል። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በቡሹ ዳር ትንሽ አየር ይስባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ጠርሙሱ እንደሚተነፍስ ሰው ይሆናል። የጋሼ ቡፌ ሳሎን ውስጥ ነው። ከጎኑ ቴሌቪዥን አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ትገባለች፤ ሌሊት ደግሞ የደሴ ብርድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ በቀን አንዴ፣ ያ ወይን ሲሰፋና ሲሰበሰብ ነው የኖረው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነበር።

ቤታችሁን መፈተን ቀላል ነው። አንድ ባዶ የወይን ጠርሙስ ውሃ ሙሉና ባሰባችሁት ቦታ አስቀምጡት። ቴርሞሜትር ክተቱበት። ጠዋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት አንብቡ። ለአንድ ሳምንት። የአየሩን ሳይሆን የውሃውን ነው የምትለኩት፤ ወይኑ የሚሰማው እሱን ነውና። በጠዋቱና በከሰዓቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ ከሆነ ቦታችሁን አግኝታችኋል። እኔ ቤቴ ውስጥ ሦስት ቦታ ሞክሬ ያሸነፈው የመኝታ ቤት አልጋ ሥር ነው። ወደ ወለሉ የቀረበ፣ ጨለማ፣ ማንም የማይነካው። የተሸነፈው ኩሽና ውስጥ ያለው የላይኛው መደርደሪያ ነበር። ምድጃው ከሥሩ ነው፤ ቆርቆሮው ከላዩ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ምጣድ ይግላል። ከፍሪጅ ጀርባና ከፍሪጅ አናት ላይም አታስቀምጡ።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትጨርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ አይደል? ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ወርዷል። በ1,000 ሜትር ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ አራት ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ለሰው ትንሽ ናት። ለወይን ግን ከሚቆይበት ወደማይቆይበት የምታሻግር ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ወይን በጣም ይጎዳል።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ምክሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለማቆየት አትግዙ፤ ለመጠጣት ግዙ። የግድ የሚቀመጥ ካለ ደሴ ያለ ዘመድ ቤት አኑሩት። ዋናው ነገር መንገዱ ላይ መኪናው ውስጥ ፀሐይ እንዳይመታው ነው፤ በጠዋት ላኩት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት። ሁለተኛው ሸክላ ነው። በእንስራ ያለ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናቶቻችን ያውቁታል። ሸክላው ያልበዋል። ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ጠበብ ያለ ማሰሮ አስገቡ፤ በመካከላቸው አሸዋ ሙሉና አሸዋውን በየቀኑ አርጥቡት። ጠርሙሱን ውስጠኛው ውስጥ አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይቀመጥ። በደረቁ ወራት ግሩም ይሠራል። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ትነቱ ይቀንሳል፤ ቅዝቃዜውም ያንሳል። ለዓመታት የሚሆን መላ ግን አይደለም፤ የሞቃቱን ወራት ማሻገሪያ ነው።

ከፍታን ካነሳን፣ «ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቡሹ ይወጣል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ እውነት ነው። ጤነኛ ቡሽ ግን ለዚህ አይንቀሳቀስም። ሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ አምስትና ስድስት እጥፍ የአየር ግፊት አለ፤ እሱን እንኳን በሽቦ የታሰረ ቡሽ ይይዘዋል። ሻምፓኝን በደንብ ሳታቀዘቅዙ አትክፈቱ፤ ይኸው ነው።

ብርሃን ቀጣዩ ነው። ጠርሙሶቹ አረንጓዴና ቡናማ የሆኑት ለውበት አይደለም። የፀሐይ ብርሃን፣ ነጩ የቱቦ መብራትም ጭምር፣ ወይን ውስጥ ካለው ሪቦፍላቪን ከሚባል ቫይታሚን ጋር ተጋግዞ መጥፎ ሽታ ያለው የድኝ ዓይነት ነገር ይፈጥራል። የተቀቀለ ጎመን ወይም የረጠበ ሱፍ ይሸታል። ነጭ ወይንና ሮዜ በግልጽ ጠርሙስ ከሆኑ መስኮት ዳር ጥቂት ቀን ይበቃቸዋል። ሱቅ ስትገዙም ከመስታወቱ ፊት የተደረደረውን ሳይሆን ከኋላ ያለውን ጠይቁ። ባለ ሱቁ ቅር አይለውም፤ ምክንያቱን ንገሩት።

ቡሹስ? ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው። በብዛት ከፖርቱጋል ይመጣል፤ አንድ ዛፍ በየዘጠኝ ዓመቱ ይላጣል። እርጥብ ሲሆን ያብጥና አፉን ይደፍናል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይሰባበራል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ጠርሙስ ይተኛል። ወይኑ ቡሹን እየነካ ያርሰዋል። ለጥቂት ወራት መቆም አይጎዳውም። አሥራ አንድ ዓመት ግን የጋሼን ቡሽ እንደ ደረቅ ዳቦ አድርጎታል። ተጠምዝዞ የሚከፈት የቆርቆሮ ክዳን ያለው ጠርሙስ ቢቆምም ቢተኛም ልዩነት የለውም። በነገራችን ላይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ወይን ርካሽ ነው ብሎ መናቅ ስህተት ነው። አየር ለመከልከል ቡሽን የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ክዳን ነው።

አስተኙት ስል ውድ መደርደሪያ ግዙ ማለቴ አይደለም። ወይኑ የመጣበት ካርቶን ራሱ በጎኑ ሲቀመጥ መደርደሪያ ይሆናል፤ ብርሃንም ይከልላል። ክረምት ላይ ደሴ እርጥበቱ ብዙ ነው። ካርቶኑ በስብሶ፣ ወረቀቱ ሻጋታ አብቅሎ ታገኙት ይሆናል። ሻጋታው ጠርሙሱ ውስጥ አይገባም፤ ጉዳቱ ለስሙና ለዓመቱ ነው። ሁለቱን በማይጠፋ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አንገቱ ላይ እሰሩ። ካርቶኑንም ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጉት። ላምባ፣ ቀለም፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ ካለበት ግን አርቁት። ቡሽ ከባድ ሽታ ሊያሳልፍ ይችላል።

ፍሪጅ ለማቆየት አይመከርም። አራት ዲግሪው ራሱ ችግር አይደለም፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቡሹን በወራት ውስጥ ያደርቀዋል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ደግሞ ያው የመስፋትና የመሰብሰብ ጣጣ ይመጣል። ለአንድ ወር፣ ለሁለት ወር ይሁን። ነጩን ከመጠጣቱ በፊት ሁለት ሰዓት አስቀምጡበት። ቀዩን ደሴ ውስጥ ማቀዝቀዝ አያስፈልግም። እንዲያውም ከአልጋ ሥር አውጥታችሁ ሳሎን ውስጥ ትንሽ ይሙቅ።

ፍሪጅ በጣም የሚጠቅመው ለተከፈተ ጠርሙስ ነው። አንዴ ከተከፈተ ሌላ ሕይወት ይጀምራል። አየር ሲገባ አልኮልን ወደ አቼቶ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይነሳሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ወይን እየተበላሸ ሲያስቸግር፣ በ1863 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው ናፖሊዮን ሉዊ ፓስተርን እንዲያጠናው ጠየቁት። ፓስተር ወይን የሚታመመው በዓይን በማይታዩ ነፍሳት እንደሆነ አሳየ። በልክ በማሞቅ ሊገደሉ እንደሚችሉም አረጋገጠ። ዛሬ ወተት ላይ የምናነበው «ፓስቸራይዝድ» የሚለው ቃል ከእሱ ስም የመጣ ነው፤ ሥራው መጀመሪያ ለወይን ነበር። ለእኛ የሚጠቅመን ይህ ነው፦ ባክቴሪያዎቹ አየርና ሙቀት ይወዳሉ። ሁለቱንም ንፈጓቸው። የተረፈውን ወይን ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ገልብጡ፣ ክደኑ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ቀዩም ቢሆን። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ለወጥ ነው፤ ሥጋ ስትጠብሱ ጠብ አድርጉበት።

አንድ አደራ ልጨምር። «የወይን ጠጅ» ስለምንለው ብዙ ሰው ጠጅንም እንደ ወይን ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ ያስቀምጣል። ይህ አደገኛ ነው። የፋብሪካው ወይን ተጣርቷል፤ መፍላቱን ጨርሷል። የቤት ጠጅ ግን እርሾው በሕይወት አለ፤ ማሩም ገና አላለቀም። እየፈላ ጋዝ ያወጣል። አጥብቃችሁ የከደናችሁት መስታወት ሊፈነዳ ይችላል። የሰው ዓይን የሚያጠፋ ነገር ነው። ጠጅ ማቆየት ከፈለጋችሁ ጋዝ በሚያስተነፍስ ክዳን፣ ቀዝቃዛ ቦታ፤ ያውም ለሳምንታት። ባለሙያ ጠጅ ጣዮች በጋኑ አፍ ላይ ጨርቅ የሚያስሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጋሼ ይህን ሁሉ በስልክ አስነበቡኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ሌላ ጠርሙስ እንደገዙ ነገሩኝ። ደረቅ ቀይ፣ ባለ ዓመት። ካርቶን ውስጥ አስተኝተው ከአልጋው ሥር አስገብተውታል። እትዬ አንገቱ ላይ ወረቀት አስረውበታል። «ለሰላም የስምንተኛ ክፍል ፈተና» ይላል። ልጅቱ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። ሦስት ዓመት። ቆጥሬዋለሁ፤ ይደርሳል። ለልጅቱ ብርዝ ይዘጋጅላታል፤ ወይኑን እኛ እንጠጣለን። ባዶውን ጠርሙስ ደግሞ ሠርጉ ፎቶ አጠገብ መልሰው አቁመውታል።